ቋንቋቸው አጭር ነው

በቬትናሟ ቤን ቼ፣ በቦዩ ዳር ባለው የኮኮናት ከረሜላ ማምረቻ፣ ሉዋ ካለች ሬዲዮ አይከፈትም ነበር። በትልቁ ብረት ድስት የሚንተከተከውን የኮኮናት ወተትና ስኳር ከንጋት እስከ ቀትር ታማስላለች፤ ማማሰያዋ ካላረፈ ምላሷም አያርፍም። የማን ዳክዬ ጠፋ፣ የማን ምራት አኩርፋ እናቷ ቤት ገባች፣ የትኛው ጀልባ ድልድዩን ገጨ፣ ሁሉም ከእሷ አፍ ይሰማል። ከረሜላውን የሚጠቀልሉት ሴቶች ገና ቁጭ ከማለታቸው፣ «እትዬ ሉዋ፣ ትናንት ያቋረጥሽውን ጨርሺልን» ይሏታል። እሷም አታስለምንም።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ በሃምሳ አራት ዓመቷ ሠላሳ ቀን ሙሉ ዲዳ ሆና የከረመችው።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ታሞ ትልቁ ከተማ ሐኪም ቤት ይዛው ሄዳ ሬሳውን ይዛ ተመለሰች፤ ከዚያ ሌላ ከቤን ቼ ወጥታ አታውቅም። አንድያ ልጇ ቱዊ በሃያ ሁለት ዓመቷ ፋብሪካ ልትሠራ ወደ ፔናንግ፣ ማሌዥያ ሄደች። ሦስት ዓመት ሠርታ ትመለሳለች የተባለችው ልጅ፣ ቡን ሆክ የሚባል የቻይና ዘር ያለው ቴክኒሻን አግብታ እዚያው ቀረች። ለሠርጉ ቤን ቼ የመጣው ሙሽራው ብቻ ነበር። እናቱ ሲው ጌክ ጉልበቷን ያማታል ተብሎ ቀረች። ሉዋ አላኮረፈችም። «ጉልበት ነው እንግዲህ፣ ባሕር አያሻግርም» ብላ ለጎረቤት አስረዳች።

ከአራት ዓመት በኋላ ቱዊ ደወለች።

«እማዬ፣ ልወልድ ነው። መጥተሽ አታርሺኝም?»

«ስንት ቀን ያስቀምጡኛል?»

«ሠላሳ ቀን። ከዚያ በላይ አይፈቅዱም።»

«ለአራስ ሠላሳ ቀን ይበቃል» አለች ሉዋ፤ ስልኩን ሳትዘጋ ሻንጣ የሚያውሳትን ሰው በሐሳቧ መፈለግ ጀመረች።

ቁንዶ በርበሬ ያዘች፣ ደረቅ እርድ ያዘች፣ ሁለት ኪሎ ከረሜላ ያዘች። ከሁሉም በላይ ግን የተጠነቀቀችው ለሸክላ ምድጃዋ ነው። ቱዊን የወለደች ጊዜ እናቷ ከአልጋዋ ሥር ፍም ያኖረችላት፣ አጥንቷን ያሞቀችበት ምድጃ ነው። በገዛ ልብሷ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋው ተሳፈረች።

ፔናንግ ስትደርስ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ አንድ ነገር ጠየቃት። ሳቀችለት። ደግሞ ጠየቃት። ቱዊ በእንግሊዝኛ ጽፋ የላከችላትን ወረቀት አውጥታ ሰጠችው፤ አነበበና ማኅተሙን መታ። ሰው ተከትላ ስትወጣ፣ ለዚያ ሰውዬ የምትነግረው ብዙ ነገር እንደነበራት ታወቃት። ልጇ ዛሬ ነገ እንደምትወልድ፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሆዷ ጉሮሮዋ ድረስ እንደመጣ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ስታስመልስ ጀርባዋን ስታሻላት እንደነበር። ሁሉም ሆዷ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ቱዊ ሴት ልጅ ወለደች። ስሟን ሁዊ ሚን አሏት። ስሙን ያወጣችው ሲው ጌክ ናት።

ቤታቸው ጄሉቶንግ በሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሴት ጎን ለጎን ከቆሙበት የሚጠብ ወጥ ቤት አለው። ሲው ጌክ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ያሳጠረች፣ ዕድሜዋን ሙሉ በልብስ ስፌት ያሳለፈች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ከእሷ ሌላ ማንም ማንኪያ አንስቶ አያውቅም። ሉዋ ደግሞ እንግዳ ሆኖ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አታውቅበትም። ገና በመጀመሪያው ቀን ሰሐኑን ሁሉ አጠበች፣ ወለሉን ወለወለች፣ ከዚያ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ አረፈች። ሲው ጌክ ወንበሩን አሳየቻት። ሉዋ ሳቅ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደዚያ ነው የሚመቻት።

ጠቡ የጀመረው በምግብ ነው። ሲው ጌክ ለአራሷ ዶሮ በዝንጅብልና በሰሊጥ ዘይት ጠብሳ፣ ግማሽ ጠርሙስ የሩዝ አረቄ አፈሰሰችበት። ሽታው ሲደርሳት ሉዋ ደነገጠች።

«ቱዊ፣ ይቺ ሴትዮ የሚያጠባ ሰው አረቄ ታጠጣለች እንዴ?»

«ልማዳቸው ነው እማዬ። ሲበስል አረቄነቱ ይጠፋል።»

«ለእኔ አፍንጫ አልጠፋም። አራስ ደረቅ፣ ጨው ያለው፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ሥጋ ነው የምትበላው። ወተቷ እንዲወፍር። ንገሪያት።»

ቱዊ ወደ አማቷ ዞራ ሦስት ቃል ተናገረች። ሲው ጌክ ረዘም አድርጋ መለሰች፤ ቅንድቧ ከመነጽሯ በላይ ወጥቶ ነበር።

«ምን አለች?»

«እጅሽ ባለሙያ ነው አሉ።»

«እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ አንቺ ሦስት ቃል ነው ያልሻት።»

«ቋንቋቸው አጭር ነው እማዬ» አለች ቱዊ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ሳታነሳ።

ሉዋ አመነቻት። የማታውቀው ቋንቋ ነው፤ አጭርም ሊሆን ይችላል።

በስድስተኛው ቀን ከገበያ ከሰል ገዝታ ምድጃዋን አነደደችና ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ከቱዊ አልጋ ሥር አኖረችው። መስኮቱን ዘጋች፤ ነፋስ ለአራስ ጠላት ነው። ክፍሉ ሞቀ፣ ቱዊም ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት። ሉዋ ከጎኗ ተቀምጣ፣ እናቷ ለእሷ ያደረገችውን ለልጇ እያደረገች እንደሆነ ስታስብ ልቧ ረካ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ በሩ ተበረገደ። ሲው ጌክ ገባች፣ አየች፣ ተመልሳ ወጣች፣ አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ መጣችና ፍሙ ላይ ደፋችው። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። ሕፃኗ ጮኸች። ጥቁሩ ውሃ እስከ ሳሎን ፈሰሰ፣ ምድጃውም ለሁለት ተሰነጠቀ።

ሲው ጌክ ብዙ ተናገረች። ሉዋም ብዙ ተናገረች። ቱዊ አልጋው ላይ ተቀምጣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አጭር አጭሯን ትናገራለች።

«ለልጅቷ ሳንባ ፈርተው ነው እማዬ። እንጂ ቤቱን ያሞቅሽው አንቺ ነሽ እያሉ ነው።»

ሉዋ የምድጃዋን ስባሪ በፌስታል ሰብስባ፣ ወለሉን አደረቀች። ቤት አሞቀች የተባለች ሴት በእንዲህ ያለ ፊት እንደማትታይ ገብቷታል፤ ግን ከልጇ በቀር የምትጠይቀው ሰው የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ሲው ጌክ ጉልበቷ ስለባሰባት ዘንቢሉን እንድትይዝላት ሉዋን ገበያ ይዛት ሄደች። ሉዋ አበባ አበባ ያለበትን፣ ላዩም ታቹም አንድ ዓይነት የሆነውን የቤት ልብሷን ለብሳ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ተከተለቻት። ቅጠላ ቅጠል የምትሸጥ አንዲት ሴት ያንን ልብስ አይታ በቬትናምኛ ጠራቻት።

«እትዬ፣ ከወዴት ነሽ?»

ሉዋ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች። «ከቤን ቼ። አንቺስ?»

«ቪን ሎንግ። ሄን እባላለሁ። እዚህ ከገባሁ ሃያ አንድ ዓመቴ።»

ሉዋ የምትይዘውን የምትለቀውን አጣች። ትንፋሽ ሳትወስድ ስለ ልጇ፣ ስለ ልጅ ልጇ፣ ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ አረቄው ዶሮ ነገረቻት። ሄን እየሳቀች ሰማቻት። አጠገባቸው ደግሞ ሲው ጌክ ከአንዲት ወፍራም ወዳጇ ጋር ቆማ ታወራለች፤ ወዳጇ ሉዋን በአገጯ እያመለከተች አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ ሲው ጌክ መለሰች፣ ሁለቱም ሳቁ። የሄን ሳቅ ግን በዚያው ቅጽበት ቆመ። ሉዋ አየችው።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ተመልሳ ሄደች።

«ትናንት ምን ተባለ?»

ሄን ቅጠሏ ላይ ውሃ ረጨች። «ልንገርሽ ወይስ ልተወው?»

«እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ተይው የሚል ሰው አለ?»

«ያቺ ወዳጇ፣ አዲስ ሠራተኛ ቀጠርሽ እንዴ አለቻት።»

«እሷስ?»

«ሠራተኛ ብትሆን ትታዘዘኝ ነበር አለች። የምራቴ እናት ናት፣ ልጅቷን በጭስ ልታፍንብኝ ነበር፣ አሥራ አምስት ቀን ቀርቷታል አለች።»

«ቀን ትቆጥራለች?»

«ትቆጥራለች እትዬ።»

ሉዋ አንድ እስር ቅጠል አንስታ አገላብጣ መልሳ አስቀመጠችው። «ልጄ ግን እንዲህ አይደለም የምትነግረኝ።»

«ምን ታድርግ ብለሽ ነው? እኔም አማቴ በሕይወት ሳለች እናቴ ስትደውል ከመሃል ሆኜ እዋሽ ነበር። አንድ ቃል ሳልቀንስ የተረጎምኩት ‘ጤና ይስጥልኝ’ ሲባባሉ ብቻ ነው።» ሄን ልታስቃት ፈልጋ ነበር። ሉዋ አልሳቀችም።

ቤት ስትደርስ ሲው ጌክ ተኝታ ነበር። ቱዊ ታጠባለች። ሉዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ፍሙ ላይ ውሃ የደፋች ቀን ምን ነበር ያለችው?»

«ነገርኩሽ እኮ እማዬ። የልጅቷ ሳንባ...»

«እኔ የጠየቅኩሽ ያለችውን ነው።»

ቱዊ ልጅቷን ወደ ሌላኛው ጡት አዞረች። «በቤቴ እሳት የሚያነደው ማነው አሉ። እናትሽ ጫካ መሰላት ወይ አሉ። ይበቃሻል?»

«እኔስ ያልኩሽን ነገርሻት? አንቺንም እንዲሁ አሙቄ ነው ያሳደግኩሽ ያልኩሽን?»

«ይቅርታ ትጠይቃለች አልኳቸው።»

«እኔ ይቅርታ ጠየቅኩ?»

«እማዬ» አለች ቱዊ፤ ድምጿ እንዳይነሳ ተጠንቅቃ ነበር። «አንቺ ትሄጃለሽ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።»

ልጇ እውነቷን ነው። ሉዋ የቀራትን ቀን በዝምታ ልታሳልፈው ወሰነች። የሕፃን ጨርቅ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ታጥፋለች። ሥራ ስታጣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለችው ጠባብ በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብላ ዘጠኝ ፎቅ ቁልቁል ታያለች፤ ታች ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ ቆሞ ሲያወራ፣ ሲሳሳቅ ይታያታል፣ ድምፁ ግን አይደርስም። የልጇ ባል ቡን ሆክ ከሥራ ሲገባ አውራ ጣቱን አንስቶ ያሳያታል፤ እሷም ታነሳለታለች። በቀን የምታደርገው ጭውውት ይኸው ነው። ከቱዊ ጋር እንኳን የሚያወሩት እያነሰ ሄደ፤ ከልጇ አፍ የሚወጣውን ሁሉ፣ ይሄስ እውነቱ ይሆን እያለች መመዘን ጀምራ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቱዊ ልጅቷን ስታባብል ሰማቻት። የምታባብላት በአማቷ ቋንቋ፣ በሆኪየን ነው።

«በእኛ አፍ አታጫውቻትም?»

ቱዊ ቀና አለች። «ለካ በእነሱ ነበር? ሳላስበው ነው።»

ከፍሙም፣ ከገበያውም፣ ከሁሉም ይልቅ ይህቺ «ሳላስበው» አመመቻት።

የሄደችበት አገር ሰውም እንደ ቤን ቼ ሰው ሕፃን አንድ ወር ሲሞላው ያከብራል። ሲው ጌክ ቀይ የተቀቡ እንቁላሎችና እርድ የገባበት ሩዝ ለዘመድ ልታድል ዝግጅቷን ጀምራለች፤ በዓሉ የሚውለው ግን ሉዋ በሄደች ማግስት ነው። በአንድ ቀን ያመልጣታል። በቤን ቼ ቆጠራ ደግሞ ለሴት ልጅ ሁለት ቀን ይቀነሳል፤ ያ ቀን የሚውለው ሉዋ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። በዚያን ቀን ጠዋት ቡን ሆክ ቱዊንና ልጅቷን ለክትባት ክሊኒክ ወሰዳቸው። ሉዋ እጇን ታጥባ ወጥ ቤት ገባች።

የሚያጣብቀውን የሩዝ ዱቄት ለወሰች፣ ተፈጭቶ የተቀቀለ ማሾ የሚባል ጥራጥሬ እየከተተች በመዳፏ ድቡልቡል አደረገችው፣ በዝንጅብልና በስኳር ውሃ ቀቀለችው። ከዚያ አሥራ ሁለት ትንንሽ ሳህን ደረደረች፣ አንድ ትልቅም መሃል አኖረች። አሥራ ሁለቱ፣ በአገሯ እምነት ሕፃንን በማኅፀን ለሚቀርጹት የሰማይ አዋላጅ እናቶች ናቸው፤ አንዷ የልጅቷን አፍንጫ የሠራች፣ አንዷ ጣቷን፣ አንዷ ሳቋን የሰጠች። ሳይመሰገኑ ወሩ ማለፍ የለበትም።

ዘወር ስትል ሲው ጌክ በሩ ላይ ቆማለች።

ሉዋ እጇ በዱቄት እንደተለወሰ ቀረች፤ ባልዲውን ነው የጠበቀችው። ሲው ጌክ ግን ቀረብ ብላ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ቆመች። ከድቡልቡሎቹ አንዱን በማንኪያ አንስታ አየችው፤ እነሱም ቤት እንዲህ ያለ ይሠራል፣ ያለ ማሾ፣ አነስ ብሎ። አንድ ቃል ተናገረች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መናገርም ጀመረች።

ለሉዋ የምትናገር አትመስልም፤ ዓይኗ ሳህኖቹ ላይ ነው። ድምፁ ገበያ የሰማችው ድምፅ አይደለም፣ ባልዲውን ይዞ የመጣውም አይደለም። ዝቅ ብሎ፣ እየተቆራረጠ፣ ረጅም ሆኖ መጣ። ቋንቋቸው አጭር አልነበረም። በመሃሉ አንድ ቃል ደጋግማ ጠራች፤ ቻቦ ኪያ፣ ቻቦ ኪያ። አንድ ጊዜ ሁለት ክንዷን ሕፃን እንደ ያዘ ሰው አቀፈች፤ ቆይታ ክንዷን ወደፊት ዘረጋችና ባዶ መዳፏን አሳየች። ዕንባዋ ሳይፈስ በዓይኗ ጠርዝ ቆመ። ሉዋ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ሰማቻት። ቃሉ አልገባትም፣ ግን ይህቺ ሴት ይህንን ነገር ሰው በሚሰማበት ቋንቋ ተናግራው እንደማታውቅ ገባት። ለእሷ የተነገራት ስለማትሰማ ነው።

ሲው ጌክ ጨረሰች። ሉዋም በተራዋ ጀመረች። በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደ ተረት፣ በቬትናምኛ። «ገበያ ላይ ያልሽውን ሰምቻለሁ» አለቻት። «ቀን እንደምትቆጥሪም አውቃለሁ። እኔም እቆጥራለሁ። ያ ምድጃ የእናቴ ነበር፤ ሰበርሽብኝ። ልጄን ወስደሽ ቋንቋዋን ቀየርሽብኝ፤ አንቺም አላወቅሽም፣ እሷም አላወቀችም። ባሌ የሞተ ቀን እንኳ እንዲህ ብቻዬን አልነበርኩም።» ሲው ጌክ በማይሆነው ቦታ ሁሉ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠቻት። ሉዋ ለሁለት ሳምንት የያዘችውን ሁሉ አወረደችው፤ ሲያልቅ ግን ሸክሙ የቀለላት እንዳልመሰላት ታዘበች። ሰሚ የሌለው ነገር መልሶ እዚያው ይቀመጣል።

የውጭው በር ተከፈተ። ሲው ጌክ መነጽሯን አድርጋ ተነሳች፣ ልብሷን አስተካከለች፣ ፊቷ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ለቱዊ አንድ አጭር ነገር ተናግራ ወደ ክፍሏ ገባች።

«ምን አለች?» አለች ሉዋ።

ቱዊ ሳህኖቹን አየች፣ እናቷን አየች። «ድቡልቡሎቹ ትልልቅ ናቸው ይላሉ።»

ሉዋ ይህኛው ትርጉም ትክክል እንደሆነ አልተጠራጠረችም።

በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መለያያው በር ላይ፣ ልጅቷን ስማ ለእናቷ ከመለሰች በኋላ ጠየቀች።

«ቱዊ፣ ቻቦ ኪያ ምን ማለት ነው?»

«ሴት ልጅ። የወለድሻት ሴት ልጅ ማለት ነው። ማን ነው ያለሽ?»

ሲው ጌክ የወለደችው አንድ ልጅ፣ እሱም ወንድ ብቻ እንደሆነ ቡን ሆክም ያውቃል፣ ቱዊም ታውቃለች፣ ጎረቤትም ያውቃል። ሕፃን እንዳቀፈ የታጠፈው ክንድና የተዘረጋው ባዶ መዳፍ በሉዋ ፊት ድቅን አሉ። ለሰው የተሰጠች ትሁን፣ የሞተች ትሁን፣ አታውቅም። ወደፊትም አታውቅም።

«ገበያ ላይ ነው የሰማሁት» አለች። «ሄን ጋ።»

በዚህ ዓይነት እሷም እንደ ልጇ አሳጥራ ተረጎመች።

ቤን ቼ ስትመለስ የከረሜላ ቤቱ ሴቶች ከበቧት። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ዘጠነኛው ፎቅ፣ ስለ አረቄው ዶሮ ነገረቻቸው፤ የፍሙን ነገር ስትነግራቸው እስኪያለቅሱ ሳቁ። የወጥ ቤቱን ጠዋት ግን አላነሳችውም። አንዳንዴ በጨዋታ መሃል ማማሰያዋ እየዞረ እሷ ዝም ትላለች። «እትዬ ሉዋ፣ ከዚያስ?» ሲሏት ትቀጥላለች።

ልጅቷ በስልክ መስኮት ውስጥ አደገች። አፏን ስትፈታ በሆኪየን ፈታች። ቱዊ ከጀርባ ሆና «አያቴ በያት» እያለች በቬትናምኛ ታስጠናታለች፤ ልጅቷ አንድ ጊዜ ትልና ትሮጣለች።

በአራተኛው ዓመት ቱዊ እያለቀሰች ደወለች። ሲው ጌክ አርፋ ነበር፣ በኩላሊት። ሉዋ መሄድ አልቻለችም፤ የቲኬቱን ገንዘብ እስክታገኝ ቀብሩ ያልፋል።

«የሚገርምሽ» አለች ቱዊ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ከመሞታቸው በፊት ስለ አንቺ ይጠይቁኝ ነበር። ያቺ ሴትዮ ደህና ናት ወይ ይላሉ። አንድ ቀን በቅጡ ሳታወሩ።»

ሉዋ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። ሟቿ ለልጇ እንኳ ያልነገረችውን፣ ቋንቋዋን ለማትሰማ ሴት ብቻ ያወረደችውን ነገር ማውጣት ለእሷ አልተሰጣትም።

«ደህና ናት አልሻቸው?»

«አልኳቸው።»

«ደግ አደረግሽ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ያን ቀን ሥራ አልገባችም። ቦዩ ዳር የእንጨት መውረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጎረቤቶቿ መጥተው ምን ሆንሽ አሏት፤ የቱዊ አማት ሞታ አለች። እርስ በርስ ተያዩ።

«እንዴ እትዬ ሉዋ፣ ምድጃሽን ለሰበረችው ሴትዮ እንዲህ ይለቀሳል?»

ሉዋ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ የወጥ ቤቱን ጠዋት ግን አሁንም አላወጣችውም። ሴቶቹ ትንሽ ቆመው፣ አንዷ ትከሻዋን ነካ አድርጋት፣ ወደ ሥራቸው ሄዱ።